እቴጌ ጣይቱ ብጡልና የእንጦጦ እርሾ

ስለ እቴጌ ጣይቱ ብጡል እስካሁን የተጻፈው ሁሉ በአብዛኛው በሦስት ነገሮች ላይ ያተኮረ ነው። እነዚህም በውጫሌ ውል ላይ የያዙት ጽኑ አቋም፣ በዐድዋ ዘመቻ የፈጸሙት ሥራና የአዲስ አበባ መቆርቆር ናቸው። ሦስቱም የታሪክ ጸሐፊዎች ድርሻ ሆነው ቆይተዋል። የምህንድስናና የምግብ ቴክኖሎጂ ሰዎች ግን ከዚህ ሰፊ ሕይወት ውስጥ ሌላ አንድ ምዕራፍ ሊያነቡ ይችላሉ፤ እርሱም የጓዳው ምዕራፍ ነው። በእንጦጦ ተራራ ላይ ያን ሁሉ መኳንንት፣ ሠራዊትና ካህን የመገበ ቤት፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያንን በብዛት አራብቶ፣ በብርድ አገር ጠብቆ፣ በተፈለጉበት ዕለት ለሥራ ማሰማራት የቻለ ቤት ነበር። ያን ቤት ያስተዳድሩ የነበሩት ጣይቱ ናቸው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡት «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ተደርጎባቸዋል።

ትውልድና አስተዳደግ

ጣይቱ ብጡል የተወለዱት በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ሲሆን፣ ብዙ ተመራማሪዎች ዘመኑን እ.ኤ.አ. በ1851 ገደማ ያደርጉታል። አባታቸው ደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም፣ ሰሜንንና ትግሬን ይገዙ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወንድም ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። ኋላ በየጁ ገዥነታቸው የታወቁት ራስ ወሌ ብጡልም ወንድማቸው ናቸው። ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ድል ሆነው ከተያዙ በኋላ የቤተሰቡ ኃይል ወደቀ። ስለዚህ ጣይቱ የልጅነትና የወጣትነት ዘመናቸውን ያሳለፉት በትልቅ ስምና በተዳከመ ሥልጣን መካከል ነው።

የሴት ልጅ ትምህርት እንደ ብርቅ ይታይ በነበረበት በዚያ ዘመን ጣይቱ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ ግዕዝ የሚያውቁ፣ በገና የሚደረድሩና ሰንጠረዥ የሚጫወቱ ሆነው አደጉ። ከዚሁ ጋር የመኳንንት ቤት ልጅ ሁሉ የምትማረውን ባልትና ተማሩ። ባልትና ሲባል ወጥ መሥራት ብቻ ማለት አይደለም። እህሉን ከጎተራ እስከ ገበታ መቆጣጠር፣ የሚነጥረውን ቅቤ፣ የሚጣለውን ጠጅና የሚቦካውን ሊጥ በየጊዜው ማዘዝ፣ በጓዳው የሚሠራውን ብዙ ሰው በየሙያው መድቦ ማሠራት ሁሉ በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ይጠቃለላል። በዛሬው አነጋገር የምርት አስተዳደር ሙያ ነበር ማለት ይቻላል።

ጣይቱ በትዳር በኩል ብዙ ውጣ ውረድ ካሳለፉ በኋላ በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ተጋቡ። ንጉሡ በዚያን ጊዜ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ ምዕራብ አዙረው በእንጦጦ ሠፍረው ነበር። ጣይቱም ቤታቸውን የመሠረቱት በዚያው ተራራ ላይ ነው።

የእንጦጦ ብርድ

እንጦጦ ለምሽግነት የተመቸ፣ ዙሪያውን አሻግሮ የሚያሳይ ተራራ ነው። ለጓዳ ሥራ ግን አስቸጋሪ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ በመሆኑ ነፋሱ ብርቱ ነው፤ ሌሊቱም ውርጭ አያጣውም። ሠፈሩ እየሰፋ በሄደ መጠን በአካባቢው የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ አለቀ፤ ውኃውም ከሩቅ የሚቀዳ ነበር።

ይህ ከፍታ በጓዳው ላይ ያመጣውን ጫና በቁጥር መገመት ይቻላል። ከተራራው እስከ ፍልውኃ ሜዳ ድረስ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በተራራው ላይ ያለው አየር ከታችኛው በአራት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ሙቀት በአሥር ዲግሪ ሲቀንስ የረቂቃን ተሕዋስያን ሥራ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ቢታሰብ፣ በሜዳው በሦስት ቀን የሚቦካው ሊጥ በእንጦጦ አራት ቀን ይፈጃል ማለት ነው። ለአንድ ቤተሰብ የአንድ ቀን መዘግየት ምንም አይደለም። በየዕለቱ በመቶ በሚቆጠሩ ምጣዶች ለሚጋገርበት ግቢ ግን አንድ ቀን መዘግየት ማለት የአንድ ቀን ሙሉ ሊጥ ተጨማሪ ቡሃቃ፣ ተጨማሪ ቦታና ተጨማሪ ጠባቂ ይፈልጋል ማለት ነው።

ብርዱ ሌላ ገጽም ነበረው። ሊጡን የሚያዘገየው ያው ብርድ የተጋገረውን እንጀራ ከሻጋታ ይጠብቃል፤ የተነጠረው ቅቤ እንዳይበላሽ፣ የተጣለው ጠጅ ቶሎ እንዳይሆመጥጥ ያደርጋል። ለማሳደግ ሙቀት፣ ለማቆየት ብርድ ያስፈልጋል። ይህ ሕግ ዛሬ በማንኛውም የማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ በአንድ ወገን የማራቢያ ሣጥን፣ በሌላ ወገን ማቀዝቀዣ ሆኖ ተተክሏል። በእንጦጦ ግቢ ደግሞ በእሳት ዳር የሚቀመጠው ቡሃቃና በጓዳው ጥግ የሚቀመጠው ጋን ሆኖ ይሠራበት ነበር።

እርሾና አብሲት

የጓዳው ሥራ ሁሉ መነሻ እርሾ ነው። የጤፍ ዱቄት በውኃ ተቦክቶ ሲቀመጥ፣ ከቀደመው ቡኮ የተረፈው ቢጫ ውኃ ማለትም እርሾ ይጨመርበታል። በዚያ ውኃ ውስጥ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችና ጋዝ የሚያወጡ የእርሾ ሕዋሳት አብረው ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የታተሙ ጥናቶች፣ በተለይም በ1980ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተደረጉት፣ እነዚህ ተሕዋስያን በቅደም ተከተል እንደሚፈራረቁ አሳይተዋል። አንዱ ወገን ሊጡን ማኮምጠጥ ይጀምራል፤ ኮምጣጣው ሲበረታ እርሱ ራሱ ይሞታል፤ አሲድ የሚችለው ሁለተኛው ወገን ይተካዋል። የሊጡ መኮምጠጥም ምግብን የሚያበላሹና ሰውን የሚያሳምሙ ብዙ ተሕዋስያንን ያጠፋል።

ባለሙያዋ እንጀራ ጋጋሪ ይህን ሁሉ በስም አታውቀውም፤ ሥራዋ ግን በትክክል ያንን ቅደም ተከተል ይጠብቃል። ቡሃቃውን አጥርታ አታጥበውም። በግድግዳው ላይ ተለጥፎ የሚቀረው ስስ ሊጥ ለሚቀጥለው ቡኮ ዘር ነውና። የእርሾ ዘር በጎረቤት በኩል ይሰጣል፣ ይወሰዳል፤ ለአዲስ ጎጆ ወጪም ከእናቷ ቤት ይሄዳል። አንድ ቤት ሳያቦካ ብዙ ሳምንት ቢቆይ ዘሩ ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ ለመሐንዲስ ዓይን የሚያስደንቀው አብሲት ነው። ሊጡ ከቦካ በኋላ አንድ አሥረኛ ያህሉ ተቀንሶ በውኃ ይቀጥንና እየተማሰለ በእሳት ላይ ይበስላል። ሙቅ መስሎ ሲወፍር ወርዶ ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል፤ ከዚያም ወደ ሊጡ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ሊጡ ኩፍ ይላል፤ ሲጋገርም ዓይናማ ይሆናል። አብሲቱ በእሳት ላይ ሳለ የሚሆነው እንዲህ ነው። የጤፉ ስታርች ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ሰንሰለቶቹ ይፈቱና እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ውኃውን በመካከላቸው አፍነው ይይዛሉ። ይህን የመሰለው፣ አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ሆኖ ሳለ እንደ ውኃ የማይፈስ ነገር፣ ዛሬ ሃይድሮጄል ይባላል። ጄሉ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ለእርሾው በቀላሉ የሚፈጭ ምግብ ያቀርባል። ሁለተኛ፣ እርሾው የሚያወጣውን ጋዝ አምልጦ እንዳይጠፋ አቅፎ ይይዛል።

በእንጦጦ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት ባቄላና አተር በተራራው ላይ ለመብሰል ብዙ ማገዶ ይፈጃሉ። አብሲት ግን ከ80 ዲግሪ በታች ስለሚወፍር የተራራው ከፍታ አያግደውም። በዚያ ማገዶ በጠፋበት ቦታ እንጀራ የግቢው ዋና ምግብ ሆኖ ለመቀጠል ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

በሌላ አገር ጓዳ

በዚያው ዘመን፣ ከእንጦጦ ብዙ ርቀት ባለው በጀርመን አገር ተመሳሳይ ጥያቄ በላቦራቶሪ ውስጥ ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 ሮበርት ኮክና ባልደረቦቹ ባክቴሪያን ከባክቴሪያ ለይቶ ለማሳደግ ጠጣር ነገር ይፈልጉ ነበር። ይጠቀሙበት የነበረው ጄላቲን በበጋ ሙቀት ይቀልጣል፤ በሰው ገላ ሙቀት በ37 ዲግሪማ ጭራሽ ውኃ ይሆናል፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም ይበሉታል። ከኮክ ዘንድ ይሠራ የነበረው ሐኪም ዋልተር ሄሰ በዚህ ሲቸገር፣ ባለቤቱ ፋኒ አንጀሊና ሄሰ በጓዳዋ ለጣፋጭ ምግብ የምትጠቀምበትን ከባሕር ሣር የሚገኝ አጋር-አጋር እንዲሞክር መከረችው። ፋኒ ይህን ሙያ ያገኘችው በተወለደችበት በኒውዮርክ፣ በጃቫ ኖረው ከመጡ የደች ጎረቤቶች ነበር። አጋር-አጋር የሚቀልጠው በ85 ዲግሪ አካባቢ፣ የሚረጋው ደግሞ ከ40 ዲግሪ በታች ነው። በመሆኑም በገላ ሙቀት ረግቶ ይቆያል፤ ባክቴሪያም አብዛኛውን ጊዜ አይበላውም። ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 ስለ ሳንባ ነቀርሳ ባወጣው ጽሑፍ አጋር-አጋርን በአጭሩ ሲጠቅስ የፋኒን ስም አላነሣም። እርስዋም እ.ኤ.አ. በ1934 እስክታርፍ ድረስ ከዚህ ሥራ ያገኘችው ጥቅም የለም።

ፋኒ ሄሰ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1850 ስለሆነ የጣይቱ እኩያ ናት። ሁለቱም ሴቶች ውኃ ያዘለ ጄል ሕይወት ላላቸው ረቂቃን ፍጥረታት ማደሪያና ምግብ ሊሆን እንደሚችል በተግባር ያወቀ የጓዳ ሙያ ወራሾች ነበሩ። የአንዷ ሙያ ወደ ላቦራቶሪ ገብቶ ያለ ስሟ ዓለምን ሞላ። የሌላዪቱ ሙያ ወደ ላቦራቶሪ ከመግባቱ በፊት ወደ መንግሥት ሥራ ገባ፤ ከተማም አቆመ፤ ጦርም መገበ።

የእንጦጦ ማርያም ግብር

የዚህ ሥራ ትልቁ ማሳያ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምርቃት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ቤተ ክርስቲያኑ ተሠርቶ ሲመረቅ ግብሩን ያሰናዱት ጣይቱ ናቸው። ግብሩ አምስት ቀን ቆየ። የታረደው ሰንጋ፣ ላም፣ በግና ፍየል ከ5,000 በላይ እንደ ነበረ ይነገራል፤ ጠጁም በቧንቧ እየወረደ ሌት ተቀን ይቀዳ ነበር። የምግቡም ዓይነት የተለያየ ነበር። ከየአገሩ የመጣው መኳንንትና ካህን በአንድ ድንኳን ተቀምጦ የየአገሩን ወጥ አንድ ላይ የቀመሰበት በመሆኑ፣ የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች ይህን ግብር የኢትዮጵያ ምግብ አንድ ወጥ መልክ የያዘበት አድርገው ይመለከቱታል።

በዓል የሚዘክሩ ሰዎች የሚቆጥሩት ሰንጋውንና ጠጁን ነው። እርሾ የሚቆጥር የለም። ይሁንና የግብሩ ከባዱ ዕቅድ የነበረው እዚያ ላይ ነው። ሰንጋ በዕለቱ ይታረዳል፤ እንጀራ ግን አስቀድሞ ካልታሰበ በዕለቱ አይገኝም። ለአምስት ቀን ግብር በየዕለቱ የሚጋገረው ሊጥ በየዕለቱ ከአራት ቀን በፊት መቦካት ነበረበት። ያንን ያህል ሊጥ በአንድ ጊዜ ለማስነሣት የሚበቃ እርሾም በአንድ ሌሊት አይገኝም፤ ከትንሽ ቡኮ ወደ ትልቅ ቡኮ ደረጃ በደረጃ እየበዛ መሄድ አለበት። ዛሬ በመድኃኒትና በቢራ ፋብሪካ ዘር ከብርጭቆ ወደ በርሜል፣ ከበርሜል ወደ ታላቁ ጋን እየተሸጋገረ የሚበዛበት አሠራር ከዚህ በመሠረቱ አይለይም። ጠጁ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ መጣል ነበረበት። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ያህል ውኃ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ተጨምሮበት፣ በወይራ በታጠነ ጋን ውስጥ ሲቀመጥ፣ የሚያፈላው እርሾ በማሩ፣ በጌሾውና በጋኑ ግድግዳ ላይ ያለው ነው። በብርድ አገር የጠጅ መድረስ ሳምንታትን ይወስዳል። ይህን ሁሉ ወደ ኋላ ቆጥሮ፣ ጋኑንና ቡሃቃውን፣ ማገዶውንና ውኃ ቀጂውን አዛምዶ ለአንድ ቀን ማድረስ የግቢው እመቤት ሥራ ነበር።

ጣይቱ በተራራው ላይ ሳሉ ከታች ወዳለው ፍልውኃ ወርደው መታጠብ ያዘወትሩ ነበር። የሜዳውን ልምላሜና ሙቀት ወደውት ከንጉሡ የቤት መሥሪያ ቦታ ጠየቁ፤ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረውንም ሠፈር አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። የማገዶና የውኃ ችግር፣ የብርዱም ብርታት ከተማውን ቀስ በቀስ ከተራራው አወረደው። እንጦጦ ግን ወዲያው አልተተወም። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ሲሆን፣ ከሁለት ቀን በኋላ ጥቅምት 27 ቀን ጣይቱ እቴጌ ተብለው ዘውድ ደፉ።

ክፉ ቀን

የዘውዱ በዓል የዋለው በመከራ ዘመን መካከል ነበር። በ1880 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ከውጭ በመጡ ከብቶች የገባው የከብት ደስታ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአገሪቱ የቀንድ ከብት ከአሥር ዘጠኙን ያህል ጨረሰ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። እስከ 1885 ዓ.ም. ድረስ የዘለቀው ይህ ዘመን ክፉ ቀን ተብሎ ይጠራል። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር መኳንንቱ ያለ በሬ ማረስን እንዲለምድ አደረጉ፤ የቤተ መንግሥቱም ጎተራ ለረሃብተኛ ተከፈተ። የጎተራው ሥራ በእቴጌዪቱ እጅ ስለነበረ፣ የማደሉ ሸክም ያረፈው በእርሳቸው ጓዳ ላይ ነው። በየቤቱ ደግሞ ዱቄት ሲጠፋ ቡሃቃ ይደርቃል፤ ቡሃቃ ሲደርቅ የእርሾው ዘር ይጠፋል። ዘሩ ካልጠፋበት ቤት እየተበደሩ እንደ ገና መጀመር የዘመኑ ግዴታ ነበር።

በዚህ ዘመን የረቂቃን ተሕዋስያን ሁለት ፊት በአንድ አገር ላይ ታየ። አንዱን ወገን ሴቶች በየጓዳው በጥንቃቄ ያኖሩታል፤ ሌላው ወገን ማንም ሳያየው ገብቶ አገር ያጠፋል። ያንን ሁለተኛውን የሚገታ ክትባት ገና አልተገኘም ነበር። ሮበርት ኮክ ራሱ የዚህኑ በሽታ መከላከያ ፍለጋ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ኋላ በማቀዝቀዝ ዘዴ የደረቀና በማቀዝቀዣ የሚጠበቅ ክትባት ከተሠራ በኋላ፣ በኢትዮጵያም በደብረ ዘይት የእንስሳት ጤና ተቋም ሥራ ከታገዘ በኋላ፣ በሽታው እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

ከውጫሌ እስከ ዐድዋ

በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አሥራ ሰባተኛ አንቀጽ በኢጣልያንኛው ቅጂ ኢትዮጵያን የኢጣልያ ጥገኛ እንደሚያደርጋት በታወቀ ጊዜ እቴጌ ጣይቱ ውሉን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ከኢጣልያ መልእክተኛም ጋር ፊት ለፊት ተከራከሩ። ጦርነቱ አይቀሬ ሲሆን በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ሠራዊቱ ከአዲስ አበባ ተንቀሳቀሰ። እቴጌዪቱ 5,000 ያህል የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘመቱ።

በዚያ ዘመን የጦር ስንቅ ሴቶች የሚሸከሙት ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ሁሉም በአንድ ሐሳብ የተሠሩ ናቸው፤ ይኸውም ውኃን ከምግብ በማውጣት ተሕዋስያን እንዳይሠሩ ማገድ ነው። ድርቆሽ ፀሐይ ላይ የደረቀ እንጀራ በመሆኑ ውኃ ሲነካው መልሶ ይለሰልሳል፤ የስታርቹ ጄል ያጣውን ውኃ እንደ ገና ይጠጣል። ሠራዊቱ ሲሰፍር ደግሞ ይቦካል፣ ይጋገራል።

በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ የመሸገውን የኢጣልያ ጦር ለማስለቀቅ የተደረገው ከበባ የእቴጌዪቱን ማስተዋል በግልጽ ያሳያል። ምሽጉ በመድፍ የማይደፈር ሆኖ ሲገኝ ወደ ውስጥ የሚቀዳው ውኃ እንዲያዝ ያደረገው የእርሳቸው ምክርና ጦር ነበር። ለዓመታት በእንጦጦ ተራራ ላይ ውኃ ከሩቅ እያስቀዱ ታላቅ ግቢ ያስተዳደሩ ሰው፣ ምሽግ በድንጋይ ብቻ ሳይሆን በውኃ እንደሚቆም ያውቃሉ። ምሽጉ በውኃ ጥም ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን በዐድዋ በተደረገው ጦርነትም እቴጌዪቱ በሥፍራው ተገኝተው ጦሩን ሲያበረታቱ፣ ሴቶቹ ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ ያቀርቡ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው አሥር ዓመት የሰላምና የግንባታ ዘመን ነበር። በአልፍሬድ ኢልግ ምህንድስና ከእንጦጦ ወርዶ ወደ ቤተ መንግሥቱ የደረሰው የቧንቧ ውኃ፣ የተራራውን ግርጌ የሸፈነው ባሕር ዛፍ፣ እቴጌዪቱ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1907 የከፈቱት ሆቴል፣ ሁሉም በእንጦጦ ዘመን የታዩ ችግሮች ማለትም የውኃ፣ የማገዶና የመስተንግዶ ችግሮች መልስ ናቸው።

ወደ እንጦጦ መመለስ

ዐፄ ምኒልክ በሕመም መድከም ሲጀምሩ እቴጌ ጣይቱ የመንግሥቱን ሥራ በእጃቸው አስገቡ። ሹም ሽሩ፣ የዘመድ ጋብቻውና የወራሽነት ነገር የሸዋን መኳንንት አስቆጣ። መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ ተገልለው ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ተወሰነባቸው። ለሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር በታማሚው አልጋ አጠገብ ቆዩ። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ እቴጌዪቱ ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም እንዲሄዱ ተደረገ።

በሺህ የሚቆጠር ሰው የመገቡበት ተራራ አሁን ዝምታ ሰፍኖበት ነበር። ከተማው ወርዷል፤ ግቢው ፈርሷል፤ ብርዱ ግን እንደ ነበረ ነው። እቴጌ ጣይቱ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በጸሎት አራት ዓመት ኖሩ። በ1910 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ሄደው ለመኖር ፈቃድ ጠይቀው ሳይፈቀድላቸው ቀረ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በዚያው በእንጦጦ ማርያም ዐረፉ፤ እዚያም ተቀበሩ። ኋላ ዐፅማቸው ፈልሶ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከባላቸው ጎን ዐረፈ።

ከጓዳ ወደ ማቀዝቀዣ

እቴጌዪቱ ያስተዳደሩት ሙያ በጽሑፍ የተላለፈ አይደለም፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከቡሃቃ ወደ ቡሃቃ የተላለፈ ነው። የዚህ አጠባበቅ ጥንካሬው ዘሩን በየቀኑ በሥራ ላይ ማቆየቱ ነው። ድካሙም እዚያው ላይ ነው፤ ሰንሰለቱ አንድ ጊዜ ከተበጠሰ ያ ዘር ተመልሶ አይገኝም። የላቦራቶሪው ዘዴ ይህንን ድካም ይሸፍናል። በአጋር-አጋር ላይ ያደገ ንጹሕ ዘር በ4 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ለሳምንታትና ለወራት ይቆያል። ከ15 እስከ 20 በመቶ ግሊሰሮል ተጨምሮበት ከዜሮ በታች በ80 ዲግሪ ሲቀመጥ ለብዙ ዓመታት ይኖራል፤ ግሊሰሮሉ ውኃው ሲረጋ የበረዶው ስለት ሕዋሱን እንዳይቀድደው ይከላከላልና። ሕዋሳትን ከባሕር ሣር በሚገኝ ሌላ ጄል፣ በአልጂኔት ፍሬ ውስጥ አፍኖ ማቆየትም ይቻላል። የቡሃቃው ግድግዳ ሊጥና የአልጂኔቱ ፍሬ በአሠራር ቢራራቁም በሐሳብ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሕዋሱን በውኃ ባዘለ መረብ ውስጥ አቅፈው ከድርቀትና ከድንገተኛ ለውጥ ይጠብቁታል።

በኢትዮጵያ የዘር ጥበቃ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1976 በዕፅዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል ተጀምሮ፣ ኋላ በብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ረቂቃን ተሕዋስያንን እስከ መጠበቅ ሰፍቷል። ለምግብ መሐንዲሱ ከዚህ የሚከተለው ሥራ ግልጽ ነው። የአንዱ ቤት እርሾ ከሌላው ቤት እርሾ ይለያል፤ የደጋው ከቆላው፣ የጤፉ ከገብሱና ከማሽላው ይለያል። በእንጦጦ ብርድ ለብዙ ትውልድ የተመረጠ እርሾ በዝቅተኛ ሙቀት የመሥራት ጠባይ ሊኖረው ይችላል፤ ይህም ማገዶና መብራት በሚቆጠብበት ፋብሪካ ውስጥ ዋጋ አለው። ናሙናውን ለመውሰድ አንድ ማንኪያ እርሾ፣ ጥቂት ግሊሰሮልና ማቀዝቀዣ ይበቃል። ከናሙናው ጋር መጻፍ ያለበት ግን የቦታው ስምና ከፍታ ብቻ አይደለም። እርሾውን ያቆየችው ባለሙያ ፈቅዳ ስትሰጥ፣ ከማን እንደ ወረሰችው፣ በስንት ቀን እንደምታቦካው፣ አብሲቱን እንዴት እንደምትጥልም አብሮ መመዝገብ አለበት፤ የፋኒ ሄሰ ነገር እንዳይደገም።